የለጋሾች መዝገብና አዲሱ ማሽን፤ ገቢ አሰባሳቢ ድርጅቶች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚያደርጉት ዝግጅት የቀረበ ዳሰሳ

ለነዳያን፣ ለሕሙማን፣ ለአረጋውያንና ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ የሚሆን ገንዘብ ከሕዝብ የሚሰበስቡ ድርጅቶች ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን መሣሪያ በሥራቸው ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት ምን ማዘጋጀት ይገባቸዋል የሚለው ጥያቄ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ጎልቶ ቢሰማም፣ ሥሩ ከዚያ በፊት በብዙ ዐሥርት ዓመታት የተተከለ ነው። ብዙዎች ጥያቄውን የሚረዱት እንደ ግዢ ጉዳይ ነው፤ የትኛው ማሽን ይሻላል፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ሠራተኛውን ማን ያሠለጥንልናል እያሉ ይጠይቃሉ። ማሽኑ ግን የሚሠራው የሚያነበው መዝገብ ሲኖር ነው፤ ያም መዝገብ የድርጅቱ ሀብት ከመሆኑ አስቀድሞ የለጋሹ አደራ ስለ ሆነ፣ አንድ ድርጅት ተዘጋጅቷል ወይስ አልተዘጋጀም የሚለው ፍርድ የሚሰጠው በእኔ አስተያየት አደራው እንዴት ተጠብቆ እንደ ቆየ ከተመረመረ በኋላ ነው።

ከሙዳየ ምጽዋት እስከ ለጋሽ መዝገብ

በአገራችን ልግስና ከጥንት ጀምሮ በሁለት መንገድ ሲሄድ ኖሯል። አንደኛው የስውር መንገድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በቆመው ሙዳየ ምጽዋት ገንዘቡን የሚጨምር ምእመን፣ ለሕንፃ ማሠሪያ በመንገድ ዳር በተዘረጋ ጃንጥላ ላይ ብሩን ጥሎ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ሰደቃውን ለሚስኪን በስውር የሚሰጥ ሙስሊም፣ ስሙ እንዲጻፍለት አይጠይቅም፤ ወንጌልም ሆነ የእስልምና ትምህርት የተሰወረውን ምጽዋት ስለሚያከብሩ፣ ስሙ አለመጻፉን ከበረከቱ ጋር አብሮ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው የግልጥ መንገድ ነው። በእድር፣ በማኅበርና በሰንበቴ የእያንዳንዱ አባል ስም በመዝገብ ይሰፍራል፤ መዋጮውን ጸሐፊው ይመዘግባል፤ የቀረም ሰው ይጠየቃል፤ ነገር ግን ያን መዝገብ የሚያነቡት በውስጡ የተጻፉት ሰዎች ራሳቸው ስለ ሆኑ፣ ጸሐፊው በማያውቀው ሰው ፊት አይገልጠውም። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረና ገቢ ማሰባሰቢያውም በቴሌቶንና በማኅበራዊ መገናኛ የቀጥታ ሥርጭት መካሄድ ከለመደ ወዲህ ሁለቱ መንገዶች ተቀላቅለዋል። ለጋሹ በስውር የሰጠ ቢመስለውም እንኳ ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የሰጠበት ቀንና የገንዘቡ ልክ በአንድ ቦታ ተጽፎ ይቀራል።

በምዕራቡ ዓለም ገንዘብ ማሰባሰብ ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ የመጣው በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ቻርልስ ሰምነር ዋርድ በዋሽንግተን ለወወክማ ሕንፃ ሲያሰባስብ፣ የተወሰነ ግብ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ የመፈጸምን ዘዴ በሥራ ላይ አዋለ። በ1938 ደግሞ ኤዲ ካንተር የተባለው ተዋናይ በራዲዮ ባሰማው ጥሪ የፖሊዮን በሽታ ለመከላከል እያንዳንዱ አሜሪካዊ ዐሥር ሳንቲም ወደ ዋይት ሐውስ እንዲልክ ሲለምን፣ ከጥቂት ባለጸጎች ብዙ ከመቀበል ይልቅ ከእልፍ አእላፍ ሰዎች ጥቂት በጥቂት መሰብሰብ እንደሚቻል ታየ። እልፍ ሰው ከሰጠ ግን እልፉን የሚያስታውስ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤ በፖስታ እየላኩ የሚለምኑ ድርጅቶችም የትኛውን ለጋሽ ዳግመኛ መለመን እንደሚገባ ለመለየት ሦስት ጥያቄዎችን ያቀርቡ ጀመር፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሰጠው መቼ ነው፣ ስንት ጊዜ ሰጠ፣ በጠቅላላው ምን ያህል ሰጠ የሚሉ ናቸው። ዛሬ በተራቀቀ ስሌት የሚከናወነው ትንበያ መሠረቱ ይኸው ነው።

ከዚህ የመዝገብ ታሪክ ጎን የሥዕል ታሪክም አለ፤ እርሱም አገራችንን በቀጥታ ይነካል። ሐምሌ 13 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. በለንደንና በፊላዴልፊያ የተደረገው ላይቭ ኤይድ የተሰኘው የሙዚቃ ዝግጅት ለኢትዮጵያ ረኀብ መርጃ የዓለምን ሕዝብ እጅ ሲያስዘረጋ፣ የተራቡት ወገኖቻችን ፊት የልመናው ምልክት ሆኖ በዓለም ዞረ። የተራበው ሰው ስለ ገዛ ሥዕሉ ፈቃዱ ተጠይቆ ነበርን የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ሲያከራክር ኖሮ፣ ማሽን ሥዕልን ከምንም ተነሥቶ መሣል በቻለበት በዛሬው ዘመን በአዲስ መልክ ተመልሷል።

የሚተነብየውና የሚያመነጨው

በክርክሩ ውስጥ ከሚታየው ግራ መጋባት ብዙው የሚነሣው በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ነገሮችን ካለመለየት ነው። የመጀመሪያው ማሽን ተንባይ ነው፤ ያለፈውን የልግስና መዝገብ መርምሮ ማን ሊሰጥ እንደሚችል፣ ማን ሊርቅ እንደ ተቃረበ፣ ከማን ዘንድ ታላቅ ስጦታ እንደሚጠበቅ ይገምታል። ሁለተኛው አመንጪ ነው፤ ደብዳቤ ይጽፋል፣ የምስጋና ቃል ያዘጋጃል፣ ሪፖርት ያሳጥራል፣ ሥዕልና ድምፅ ይፈጥራል። ሁለቱን አስተባብሮ ለጋሹን በራሱ መርጦ፣ ደብዳቤውን በራሱ ጽፎ፣ መልሱንም ተቀብሎ የሚነጋገር ሦስተኛ ዓይነትም እየመጣ ነው።

ይህ ልዩነት የሚጠቅመው የዝግጅቱ ዓይነት እንደ ማሽኑ ስለሚለያይ ነው። ተንባዩ የሚሳሳተው መዝገቡ ሲጎድል ወይም ሲዛባ ነው፤ ስሕተቱም ስውር ነው፣ ሊለመን ሲገባው ሳይለመን የቀረ ሰው መቅረቱን አያውቅምና። የአመንጪው ስሕተት ግን በለጋሹ ዓይን ፊት ይገለጣል፤ ያልተደረገውን ተደርጓል ብሎ ይጽፋል፣ ያልተረዳውን ሰው ተረድቷል ይላል። ስለዚህ ለተንባዩ የሚያስፈልገው ዝግጅት የሒሳብ ሹምና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትጋት ሲሆን፣ ለአመንጪው የሚያስፈልገው እያንዳንዱን ቃል ከመውጣቱ በፊት አንብቦ በስሙ የሚፈርም ኃላፊ ነው። አንድ ድርጅት ለአንዱ ተዘጋጅቶ ለሌላው ጨርሶ ያልተዘጋጀ ሊሆን እንደሚችል በብዙ ምክር ውስጥ ተረስቷል።

በምን ይጀመር?

ስለ ቅደም ተከተሉ የሚከራከሩት ወገኖች አራት ናቸው።

መዝገብ ይቅደም የሚሉት፣ የተበላሸ መዝገብ የሚያነብ ማሽን ስሕተቱን በፍጥነት ከማብዛት በቀር ሌላ አያደርግም ይላሉ። አንድ ለጋሽ በሦስት ስም ተመዝግቦ፣ የሞተው ሰው በሕይወት እንዳለ ተቆጥሮ፣ የባንኩ ዝርዝርና የደረሰኙ ጥራዝ ሳይታረቁ ማሽን ማስገባት ለእነርሱ ቤት ሳይጠረግ እንግዳ መጥራት ነው። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ ሆኖም መዝገብ ፍጹም ንጹሕ የሚሆንበት ቀን ስለማይመጣ፣ ይህን አቋም እስከ መጨረሻው የያዘ ድርጅት ሲያጸዳ ሊኖር ይችላል።

ሙከራ ይቅደም የሚሉት ይህን ድክመት ያያሉ። በእነርሱ አስተሳሰብ ሠራተኛው ሳይፈራ የሚማረው በትንሽና ጉዳት በሌለበት ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ ቃለ ጉባኤ በማሳጠር ወይም የደብዳቤ ረቂቅ በማዘጋጀት ነው፤ ቦርድ ለሁለት ዓመት ፖሊሲ ሲያረቅ ሠራተኛው በገዛ ስልኩ በስውር መጠቀም እንደሚጀምርም ያስጠነቅቃሉ። ይህ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ከሁሉ የሚበልጥ ክብደት አለው ብዬ አምናለሁ፤ የለጋሾችን ዝርዝር በነጻ በሚገኝ ማሽን ላይ ለጥፎ ደብዳቤ ጻፍልኝ የሚል ቅን ሠራተኛ፣ ድርጅቱ ገና አልወሰንኩም በሚልበት ሰዓት ውሳኔውን ወስኖለታልና።

ሥርዓት ይቅደም የሚሉት ደግሞ ከሁሉ በፊት ምን እንደማይደረግ ይጻፍ ይላሉ። የሙያው ሥነ ምግባር በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በሙያ ማኅበር ደንብ ተጽፎ ይገኛል። በ1993 የወጣው የለጋሾች መብት ሰነድ ደግሞ ለጋሽ ስሙ ለሌሎች ከሚተላለፍ ዝርዝር እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ከመናገሩም በላይ፣ የሚለምነው ሰው በጎ ፈቃደኛ ይሁን፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ይሁን፣ በክፍያ የተቀጠረ ይሁን የማወቅ መብት ይሰጠዋል። ሰነዱ ሲጻፍ የታሰቡት ለማኞች ሦስት ዓይነት ነበሩ፤ ሦስቱም ሰዎች ናቸው። አራተኛው ለማኝ ማሽን በሆነ ጊዜ የማወቁ መብት ወደ እርሱም ይደርሳልን? በመንፈሱ ይደርሳል የሚለው ትርጓሜ ለእኔ የቀና ነው፤ ነሐሴ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የጸናው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግም ሰው ከማሽን ጋር ሲነጋገር እንዲያውቅ የሚያስገድድ ድንጋጌ አለው። ማሽን ያረቀቀውንና ሰው አርሞ የፈረመበትን ደብዳቤ ግን በየትኛው እንቆጥረዋለን? በዚህ ላይ ስምምነት የለም።

አራተኞቹ መታቀብ ይሻላል ባዮች ናቸው። ልግስና የሰውና የሰው ግንኙነት ነው፤ ግንኙነቱን ለማሽን ያስረከበ ድርጅት ስጦታው የሚፈልቅበትን ምንጭ ራሱ ያደርቃል ይላሉ። ይህን ድምፅ ወግ አጥባቂነት ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። በአንጻሩ ጥቂት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ደረሰኝ በመጻፍና ዝርዝር በማስተካከል ቀኑን ሲፈጅ ለጋሹን ለመጠየቅ ጊዜ እንደሚያጣ መካድ አይቻልም፤ ማሽኑ ይህን ሸክም አንሥቶለት ሠራተኛው ወደ ሰው ከተመለሰ፣ የተቃዋሚዎቹ ዓላማ ራሱ ተፈጸመ ማለት ነው።

ማስረጃው ምን ይመሰክራል

ስለ ጥቅሙ የሚነገረው ከመሣሪያው ሻጮች አፍ በሚበዛበት ወቅት፣ ማስረጃ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያሳይ አንድ የቆየ ምሳሌ ማንሣት ይበጃል። ዲን ካርላንና ጆን ሊስት በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቀድሞ ሰጥተው ለሚያውቁ ከ50,000 በላይ ለጋሾች ደብዳቤ ተልኮ፣ ከፊሎቹ ስጦታቸውን ሌላ ለጋሽ በእኩል እንደሚያሟላላቸው ሲነገራቸው ከፊሎቹ ግን አልተነገራቸውም። የተነገራቸው ዘንድ ከእያንዳንዱ ደብዳቤ የተገኘው ገቢ በ19 በመቶ ከፍ አለ፤ ማሟያው እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ሲሆን ግን ተጨማሪ ለውጥ አልታየም። የሙያው ሰዎች እጥፉ የበለጠ ይስባል ብለው ያምኑ ነበርና፣ ግምታቸውን ያረመው ሁለቱን ወገኖች ጎን ለጎን ማነጻጸሩ ብቻ ነው። ማሽን የጻፈውን ደብዳቤ ሰው ከጻፈው ጋር በዚህ መንገድ ማነጻጸር የሚችል ድርጅት ተዘጋጅቷል ሊባል ይችላል፤ የማይችል ግን ቢያተርፍም ቢከስርም ምክንያቱን አያውቅም።

ስለ ጉዳቱ ያለው ማስረጃ ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ነው፤ ይህን የምለው ተቆጣጣሪዎች ውሳኔ ጽፈው ስለ ተዉልን ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2015 አንዲት አረጋዊት ካረፉ በኋላ በየጊዜው ይደርሳቸው የነበረው የልመና ደብዳቤ ብዛት ሕዝቡን ስላሳዘነ፣ በተከታዩ ዓመት ገንዘብ ማሰባሰብን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ አካል ተቋቋመ። በታኅሣሥ 2016 የመረጃ ኮሚሽነሩ የእንስሳት መከላከያ ማኅበሩን 25,000 ፓውንድ፣ የልብ ሕክምና መርጃውን ድርጅት 18,000 ፓውንድ ቀጣ፤ በሚያዝያ 2017 ዐሥራ አንድ ሌሎች ድርጅቶች ተቀጡ። ጥፋታቸው ለጋሾቹ ሳያውቁ ሀብታቸውን በሌላ ድርጅት ማስመርመርና ከሌላ ምንጭ በተገኘ መረጃ መዝገባቸውን ማሟላትን የሚያካትት ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው የዛሬው አመንጪ ማሽን ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ድርጅቶቹ የተቀጡትም ስሌቱ ስሕተት ስለ ሆነ አይደለም፣ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ያልፈቀደው ስለ ነበረ ነው። ለዝግጅት ትልቁን ትምህርት የማየው በዚህ ፍርድ ላይ ነው።

መዝገቡን በሦስተኛ ወገን እጅ ማኖር የሚያስከትለው አደጋም በብላክቦድ ታይቷል። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የለጋሽ መዝገብ የሚያስተዳድረው ይህ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 በመረጃ ዘራፊዎች ሲጠቃ ከ13,000 በላይ ደንበኞቹ ተነክተዋል፤ በጥቅምት 2023 ከ49 ክፍለ ግዛቶችና ከዋሽንግተን ከተማ ዐቃብያነ ሕግ ጋር በ49.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ለጋሹ ገንዘቡን የሰጠው ለሚያውቀው ድርጅት ነበር፤ ስሙ ግን ሰምቶት በማያውቀው ኩባንያ ቤት ተገኘ። ክራይሲስ ቴክስት ላይን የተባለው የጭንቅ ጊዜ መልእክት መቀበያ ድርጅትም ስም የተሰረዘለትን የተጨነቁ ሰዎች ንግግር ለትርፍ ለሚሠራ ኩባንያ ማካፈሉ ሲገለጥ በጥር 2022 ማካፈሉን አቋርጧል። ስም መሰረዙ ብቻውን አደራን እንደማይጠብቅ ይህ ያስረዳል።

የአሜሪካ የአመጋገብ ሕመም መርጃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ቴሳ የተባለችውን መልስ ሰጪ ማሽን የዘጋው፣ ሕሙማኑን ለሚጎዳ የክብደት መቀነሻ ምክር ስለ ሰጠች ነው። ቴሳ ስትጀመር አስቀድሞ በተጻፈላት ቃል ብቻ የምትመልስ ነበረች፤ የማመንጨት ችሎታ የተጨመረላት ኋላ በአቅራቢው ነው። በዚህ ምክንያት፣ ማሽኑ ሲገባ የተደረገው ምርመራ ማሽኑ በተለወጠ ቁጥር ካልተደገመ ከንቱ እንደሚሆን ውሉ ውስጥ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

በሥዕል ረገድ ሁለት ጉዳዮችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። በ1877 እ.ኤ.አ. በለንደን ድኻ ሕፃናትን የሚያሳድገው ቶማስ ባርናርዶ ሕፃናቱን ከነበሩበት የባሰ አጎሳቁሎ ፎቶግራፍ እንዳስነሣ በሽምግልና ዳኝነት ተመርምሮ ተነቅፏል። በ2023 ደግሞ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ስለ ኮሎምቢያ የ2021 ተቃውሞ በማሽን የተሠሩ ሥዕሎችን አውጥቶ፣ ሰልፈኞቹን ከአደጋ ለመሰወር ብዬ ነው ቢልም ተወቅሶ አነሣቸው። የመጀመሪያው ምሕረትን ለማብዛት፣ ሁለተኛው ሰውን ለመጠበቅ ነበር፤ ሁለቱም ግን የተመልካቹን እምነት ነክተዋል። በዚያው ዓመት በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ጥቁር ሐኪሞች ነጭ ሕፃናትን ሲያክሙ የሚያሳይ ሥዕል እንዲሠራ የታዘዘ ማሽን ደጋግሞ ሕሙማኑን ጥቁር እያደረገ አቀረበ። የ1985ቱ ሥዕል በማሽኑ ትምህርት ውስጥ ገብቶ እንደ ተቀመጠ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ፊታችን የልመና ምልክት ሆኖ ለዘለዓለም እንዳይታተም የሚጨነቅ ኢትዮጵያዊ ድርጅት ይህን ሳይመለከት ሥዕል ማስመንጨት አይገባውም።

ስለ ስም፣ ስለ ዘመንና ስለ አክብሮት

በአገራችንና በውጭ በሚኖሩ ወገኖቻችን ድርጅቶች ዘንድ መዝገብ ማዘጋጀት ማለት በውጭ የተጻፈ መመሪያ የማያውቃቸውን ችግሮች መፍታት ማለት ነው። አንድ ሰው ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ማሽን ሦስት ሰዎች ያደርገዋል። የቤተሰብ ስም የሌለን ስለ ሆንን፣ የውጭ ፕሮግራም የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ወይዘሮ አልማዝ ተስፋዬን «ወይዘሮ ተስፋዬ» ብሎ ይጠራል፤ አባታቸው ተስፋዬ የሚባሉ የማይተዋወቁ መቶ ሰዎችንም አንድ ቤተሰብ አድርጎ ይቆጥራል። በ2012 ዓ.ም. የተሰጠ ስጦታ ዘመኑ ካልተለየ ከእውነተኛው ቀኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ የሰጠው መቼ ነው» የሚለው ጥንታዊ ጥያቄ በሐሰት ይመለሳል። የልግስናውም ወቅት ይለያል፤ የአሜሪካ ለጋሽ በታኅሣሥ መጨረሻ የግብር ዘመኑ ሳያልፍ ሲሰጥ፣ የእኛው በጾሙ፣ በፋሲካው፣ በረመዳኑና በንግሡ ይሰጣል።

የምስጋና ደብዳቤም የራሱ ችግር አለው። በእንግሊዝኛ አንድ የምስጋና ቃል ለሁሉ ይበቃል፤ በአማርኛ ግን ማሽኑ ተቀባዩን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይስ እናንተ እንደሚለው መወሰን ይኖርበታል፤ ሽማግሌን «አንተ» ያለ የምስጋና ደብዳቤ ስድብ ሆኖ ይነበባል። የትልልቆቹ ማሽኖች ትምህርት አብዛኛው ከእንግሊዝኛ የተቀዳ በመሆኑና በግእዝ ፊደል የተጻፈው ቃል በማሽኑ ውስጥ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ስለሚከፋፈል፣ አማርኛው በጥራት ዝቅ፣ በዋጋ ከፍ ይላል። ይህን ለማቃናት እንደ ማሳካኔ ያሉ የአፍሪካ ቋንቋ ተመራማሪዎች ኅብረቶች እየደከሙ ነው፤ እስከዚያው ግን አማርኛ አዋቂ አንባቢ የሌለበት የማሽን ደብዳቤ ከድርጅት ሊወጣ አይገባውም።

ሕጉና ያልተቋጩት ነገሮች

አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኘውን ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ያገደ ስለ ነበረ፣ ከአገር ውስጥ ሕዝብ ገንዘብ የማሰባሰብን አስፈላጊነት በግድ አስተምሯል። እርሱን የሻረው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገደቡን አንሥቶ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። መዝገብ ለማጽዳት፣ ሠራተኛ ለማሠልጠንና ማሽን ለመከራየት የሚወጣው ገንዘብ በዚህ 20 በመቶ ውስጥ ይቆጠራል ወይስ የዓላማ ማስፈጸሚያ ነው? ለትንንሾቹ ድርጅቶች ይህ የሒሳብ ጥያቄ ዝግጅቱን ከሚያቆሙት ዋነኛው ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማትም መሣሪያውን ለመግዛት እንጂ መዝገቡን ለማጽዳት መስጠት ስለማይወዱ፣ ችግሩ ይጸናል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የእምነትና የጤና ጉዳይ በልዩ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛል፤ ወደ ውጭ አገር ለሚሻገር መረጃም ሁኔታ ያስቀምጣል፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቋል። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ሕንፃ የሰጠ ሰው ስም በራሱ እምነቱን ይገልጣል፤ ለካንሰር መርጃ በየወሩ የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ በቤቱ ሕመምተኛ አለበት። ስለዚህ ተራ የመሰለው የለጋሾች ዝርዝር በሕጉ ዓይን ልዩ ጥበቃ ከሚሻው ጋር ሊቆጠር የሚችል ሲሆን፣ ማሽኑ ደግሞ በባሕር ማዶ የሚኖር ነው።

በስውር የሚሰጠው ለጋሽ ነገርም ክፍት ነው። ተንባዩ ማሽን የሚያውቀው ስሙ የተጻፈውን ብቻ ስለ ሆነ፣ በሙዳየ ምጽዋት የሚጨምረውን እንደሌለ ይቆጥረዋል፤ ድርጅቱም በማሽኑ ምክር ሲመራ ጥረቱን ወደ ተጻፉት እያዘነበለ ይሄዳል። ለዚህ በስሌት የተገኘ መፍትሔ የለም፤ ስውሩን ለመቁጠር ሲባል ስሙን መጠየቅ ደግሞ ስውርነቱን ያጠፋዋል።

የመሰረዝ መብትም እንደዚሁ ነው። ለጋሹ ስሜ ይጥፋ ብሎ ቢጠይቅ ጸሐፊው ከመዝገቡ ላይ ይፍቀዋል፤ በስሙና በስጦታው ላይ የተማረው ማሽን ግን ከዚያ ትምህርት የወሰደውን በቀላሉ አይረሳም። ማሽንን እንደገና ሳያስተምሩ አንድን ሰው ብቻ ማስረሳት እንዴት እንደሚቻል ሊቃውንቱ ገና በምርምር ላይ ናቸው፤ ድርጅቱም እስከዚያው ድረስ ስሙ እንዲጠፋለት ለሚጠይቀው ሰው ጠፍቷል ብሎ ለመመለስ የሚችልበትን መንገድ ማሽኑን ከማስተማሩ በፊት ማበጀት ይኖርበታል።